የመጀመሪያው የምረቃ በዓላችን

ሰው ሥራ በጀመረበት ወራት የደረሰበት ነገር እስከ ሽምግልናው ድረስ ከልቡ አይጠፋም። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተቀጥረን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰናዳነውን በዓል ዛሬም አልረሳነውም። ይህን የምንተርከው ራሳችንን ለማመስገን አይደለም። ሥራውን ለመጀመር የተሰናዱ ወጣቶች፣ ልጆቻቸውንም ወደዚህ ሙያ የሚልኩ ወላጆች ጥቂት ትምህርት ያገኙበት ይሆናል ብለን ነው።

መሥሪያ ቤቱ በአንዲት የገጠር ከተማ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ማጠራቀሚያ አስተክሎ፣ ቧንቧ ዘርግቶ ቦኖ አሠርቶ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ አስጠርተውን «የምረቃውን በዓል የምታሰናዳው አንተ ነህ፤ አሥራ አምስት ቀን አለህ» አሉን። እኛም ነገሩ ድግስ መደገስ ብቻ መስሎን በደስታ ተቀበልን። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድምፅ ማጉያውንና የሚቆረጠውን ሪባን በወረቀት ላይ ዘርዝረን የጥሪ ደብዳቤ ወደ መጻፍ ገባን።

የመጀመሪያው ስሕተታችን በዚያው በደብዳቤው ላይ ተገኘ። በአማርኛው «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ያልነውን ለውጭ አገር እንግዶች በተጻፈው ላይ እንዳለ 3 ሰዓት ብለን አሳተምነው። በእነርሱ አቆጣጠር ግን የእኛ የጠዋት 3 ሰዓት 9 ሰዓት ነው፤ እኛ የጻፍነው 3 ሰዓት ደግሞ ለእነርሱ ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ እንግዶቹ የሚደርሱት ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ሊሆን ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባችን አይቶ ባይነግረን ኖሮ እፍረቱ የመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይሆን ነበር።

ሁለተኛውን ስሕተት ያሳዩን የከተማይቱ የእድር ዳኛ ናቸው። ቀኑን ቅዳሜ ማድረጋችንን በሰሙ ጊዜ ፈገግ ብለው «ልጄ፤ ቅዳሜ እኮ የገበያ ቀናችን ነው። ሕዝቡ ገበያ ውሎ ውሃውን ለማን ልትመርቁት ነው?» አሉን። ለባለ ሥልጣናቱ የሚመቸውን ቀን ጠይቀን ነበር፤ የውሃውን ባለቤቶች ግን አልጠየቅንም። በዓሉን ወደ ሐሙስ አዛውረን ደብዳቤውን ሁሉ እንደገና አሳተምነው፤ በዚያውም ሰዓቱን አስተካከልነው።

ይህ ሁሉ ግን ከሦስተኛው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። በዋዜማው ረቡዕ ማታ ወንበሩን ለማስደርደር ወደ ስፍራው ስንደርስ አንድ ቦቴ መኪና ውሃ ወደ ማጠራቀሚያው ሲገለብጥ አገኘን። የቴክኒክ ሠራተኛውን ብንጠይቀው «ትራንስፎርመሩ ገና ስላልመጣ ፓምፑ አይሠራም። ነገ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ መውረድ አለበት ተብለን ነው» አለን። በቦርሳችን የያዝነው ለጋዜጠኞች የሚታደለው መግለጫ ግን «የከተማይቱ ሕዝብ ከዛሬ ጀምሮ የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ ሆነ» የሚል ነበር። ቦቴው የያዘው 10 ሺህ ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ 500 ጀሪካን ይሞላል። ይህም ለከተማይቱ ከአንድ ማለዳ አያልፍም።

በዚያች ሌሊት ስለ ሙያው ያነበብነው አንድ ታሪክ ትዝ አለን። በ1906 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የባቡር ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን አደጋ መደበቅ ልማዳቸው ነበር። አይቪ ሊ የተባለው የኩባንያው አማካሪ ግን የሆነውን በጽሑፍ ለጋዜጦች አደለ፤ ጋዜጠኞችም ስፍራውን እንዲያዩ አደረገ። ይኸው ሰው በ1914 በኮሎራዶ በማዕድን ሠራተኞች አድማ ጊዜ ለባለ ሀብቶቹ ወግኖ ትክክል ያልሆነ ጽሑፍ በማሠራጨቱ ብርቱ ነቀፌታ ደረሰበት። እንግዲህ ሙያው አንድ ሲሆን ሰውን የሚያስከብረውም የሚያዋርደውም እውነትን መያዝና መልቀቅ ነው።

ለኃላፊያችን ስልክ ደውለን ያየነውን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዳ ከተጠራ በኋላ ምን ማድረግ ይቻላል? ሌላ መግለጫ ጽፈህ ጠብቀኝ፤ ሁለቱንም አያቸዋለሁ» አሉን። በማግሥቱ ጠዋት አዲሱን አንብበው አንድ ነገር ብቻ ጨመሩበት፤ ይኸውም ኤሌክትሪኩ እስኪገባ ድረስ በየሳምንቱ ማክሰኞና ዓርብ ውሃ በቦቴ እንደሚመጣ ነው። የፊተኛውን መግለጫ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

በዓሉ ተጀመረ። መግለጫው በድምፅ ማጉያ ሲነበብ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ፊታቸውን አጠቆሩ። በዚህ መካከል ጀሪካን ያዘሉ አንዲት እናት ወደ ቦኖው ሲጠጉ አስተናባሪው ወደ ኋላ መለሳቸው። እኛ ነበርን ከሪባኑ ወዲህ ሰው እንዳይገባ ያዘዝነው። እርሳቸውም ሳይቆጡ «ንግግሩን ተዉት ልጆቼ። ነገ ልጄን ወደ ወንዝ ልስደዳት ወይስ ወደ ትምህርት ቤት? እሱን ብቻ ንገሩኝ» አሉ። የፊተኛው መግለጫ ተነቦ ቢሆን ኖሮ ልጅቱ በማግሥቱ ወደ ደረቀ ቧንቧ መጥታ ባዶ ጀሪካን ይዛ በተመለሰች ነበር። ኃላፊያችን ከመድረክ ወርደው የቦቴውን ቀን ለእርሳቸው ደግመው ነገሯቸው፤ ከቦኖውም መጀመሪያ እርሳቸው እንዲቀዱ አደረጉ።

ነገሩ ያለ ዋጋ አላለፈም። አንድ ጋዜጣ ሥራው አለመጠናቀቁን ርእስ አድርጎ ጻፈ፤ ኃላፊያችንም «በደስታ ቀን ጉድለት ይነገራል?» ተብለው ተወቀሱ። ዳሩ ግን ቦቴው በተባለው ቀን ይመጣ ነበር። ፓምፑ በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ያለ ድንኳንና ያለ ሪባን ወደዚያች ከተማ ብንመለስ የእድሩ ዳኛ እጃችንን ይዘው «ያን ቀን ብትዋሹን ኖሮ ዛሬ ውሃው መጣ ስትሉን ማን ያምናችሁ ነበር?» አሉን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይህ ነው።

በቀድሞ ዘመን ለሕዝብ የሚነገር ነገር ሲኖር ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ይነገር ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ነጋሪት ይናገራል እንጂ አይሰማም። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ግን ከመናገሩ በፊት መስማት አለበት። ስለዚህ ይህን ሥራ የምትጀምሩ ወጣቶች፣ ሰዓቱንና ቀኑን ሁለት ጊዜ መርምሩ፤ የበዓሉን ባለቤቶች አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የምታስነብቡትን ነገር በዋዜማው ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ከሁሉ በላይ ግን ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ እዚያው የሚቀሩትን ሰዎች አስቡ፤ በዓሉ የእነርሱ ነውና።