የቻይና ቤት በሕንድ ምድር

ተማሪዎቼ «የባዕድ ቋንቋ ጥናት ለራሳችን ሥነጽሑፍ ምን ይፈይዳል?» ይሉኛል። ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምላሽ ሆኖ ያገኘሁት በሕንድ አገር፣ በሻንቲኒኬታን የሚገኘው ቺና ባቫና፣ ማለትም «የቻይና ቤት» ነው። ይህን የጥናት ማዕከል ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ከቻይናዊው ምሁር ከታን ዩን ሻን ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ1937 በቪሽቫ ባራቲ የትምህርት ተቋም ውስጥ መሠረቱት። ማዕከሉ ቻይንኛ ከማስተማርና ትምህርታዊ ንግግሮችን ከማዘጋጀት ሌላ አንድ ዐቢይ የምርምር ተግባር ነበረው፤ ይኸውም በሳንስክሪት ተጽፈው በአገራቸው የጠፉ የቡድሃ እምነት መጻሕፍትን ከጥንታዊ የቻይንኛ ትርጉሞቻቸው ወደ ሳንስክሪት መመለስ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ትርጉሙ ብቻ ነው። የውጭ ምሁራን ግዕዝን የሚማሩበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። እኛስ የጠፋብንን በማን ቋንቋ እንፈልግ? ይህን ጥያቄ እኔም በተራዬ ለተማሪዎቼ አቀርባለሁ።