ከከሰሉ አስቀድሞ ውኃው ይለካ

የቡቲዬ የቤት እመቤት ማለዳ ስትነሣ አስቀድማ የምታየው ምድጃዋን ሳይሆን ጀሪካኗን ነው። ቡቲዬ በሞያሌ ከተማ በኬንያ በኩል የምትገኝ ሰፈር ናት። አገሩ ደረቅ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና በጥቅምትና በኅዳር ግድም ይጠበቃል፤ በጊዜው የቀረ እንደ ሆነ ግን ሰውም ከብትም ይጨነቃል። ስለዚህ ውኃው ከኩሬ ይቀዳ፥ ከጉድጓድ ይሳብ፥ ወይም በመኪና ተጭኖ ይምጣ፥ አንዲት ጣሳ እንኳ በከንቱ አትፈስም።

በቡቲዬ የከሰል ድንጋይ አይቆፈርም። ነገር ግን በዚያ ድንበር ላይ ቆሞ ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው፥ ሁለቱም አገሮች በመሬታቸው ውስጥ ያለውን ከሰል ሲሹ ይታያሉ። በኬንያ በኪቱይ ካውንቲ በሙዊ ሸለቆ ከሰል መኖሩ ታውቋል። በኢትዮጵያም በያዩ፥ በጅማ አካባቢ በደልቢና በሞዬ፥ በዳውሮም ይገኛል። የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ አገር፥ በተለይም ከደቡብ አፍሪካ የሚያስመጡትን ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት በቅርብ ዓመታት ብዙ ተደክሟል። ይህ ድካም የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፤ ከሰሉ ሲወጣ የዚያ ስፍራ ውኃ ምን ይሆናል? ይህንንስ ማን፥ መቼ፥ በምን ይለካዋል?

የከሰል ቁፋሮ ውኃን በሁለት መንገድ ይነካል። አንደኛው በመጠኑ ነው። ከሰሉ ከከርሰ ምድር ውኃ ወለል በታች የተኛ እንደ ሆነ፥ ሠራተኞቹ በደረቅ ስፍራ እንዲቆፍሩ ውኃው ቀንና ሌሊት በፓምፕ ይሳባል። በዙሪያው ያለው ውኃም ወደ ተቆፈረው ስፍራ ያዘነብላል፤ የአካባቢው ምንጭ ይሳሳል፥ የጎረቤቱም ጉድጓድ ይጎድላል።

ሁለተኛው በጥራቱ ነው። ከከሰልና በአጠገቡ ካለው ዐለት ጋር ብዙ ጊዜ ፒራይት የሚባል፥ ብረትና ድኝ የያዘ ማዕድን ይገኛል። ይህ ማዕድን በምድር ውስጥ ታፍኖ ሳለ ጉዳት የለውም፤ ተቆፍሮ አየርና ውኃ ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይወልዳል። አሲዱም ብረትን፥ ማንጋኒዝንና አሉሚኒየምን ከዐለቱ እያሟሟ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የወንዙ ድንጋይ የዝገት መልክ ይይዛል፤ ዓሣውም ያልቃል። ከሁሉ የሚከፋው፥ ማዕድኑ ተዘግቶ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ይኸው አሲድ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሊፈስ መቻሉ ነው። እርግጥ ነው፥ ድኝ ጥቂት በሆነበትና የኖራ ድንጋይ በበዛበት ስፍራ አሲዱ ይበርዳል። ስለዚህ የአንዱ ማዕድን ጠባይ ለሌላው ፍርድ አይሆንም፤ እያንዳንዱ በየስፍራው መለካት አለበት።

የደቡብ አፍሪካዋ ካሮላይና ለዚህ ምስክር ናት። በምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር፥ በከሰል ማዕድኖች መካከል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ከማዕድኖች የወረደ አሲዳም ውኃ ከተማይቱ ወደምትጠጣበት ግድብ ገባ። ቧንቧው ሳይደርቅ ውኃው የማይጠጣ ሆነ፤ ሕዝቡም ለወራት በመኪና የሚታደል ውኃ ለመጠበቅ ተገደደ። በሐምሌ ወር ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ፥ ለነዋሪዎቹ ንጹሕ ውኃ በአስቸኳይ እንዲቀርብ ታዘዘ። ቧንቧ የነበራት ካሮላይና ቧንቧ እንደሌለው እንደ ቡቲዬ ቤት ሆነች ማለት ነው።

ለሞያሌ የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ የጉጂው ለገ ደምቢ ነው። ማዕድኑ ወርቅ ቢሆንም ትምህርቱ ለከሰልም ያው ነው። ነዋሪዎች ከማዕድኑ የሚወጣው ፍሳሽ ውኃችንን በከለ፥ ሰውንና ከብትን ጎዳ ብለው ጮኹ፤ ኩባንያው ይህን አልተቀበለም። በ2010 ዓ.ም. ከሕዝቡ ተቃውሞ በኋላ መንግሥት ፈቃዱን አገደ፤ ኋላም ሥራው እንደገና ተፈቀደ። እንዲህ ባለ ክርክር የሚፈለገው ዳኛ፥ ውኃው ቀድሞ ምን እንደ ነበረ የሚናገር፥ ሁሉም የሚያምነው መዝገብ ነው። መዝገቡ አስቀድሞ ካልተጻፈ ገበሬው እምባውን፥ ኩባንያው ወረቀቱን ይዞ ይቀራል።

እንግዲህ ክትትሉ እንዴት ይደረጋል? ከቁፋሮው በፊት፥ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፥ በበጋም በክረምትም ውኃው ይለካል። የመመልከቻ ጉድጓዶች ከማዕድኑ በላይና በታች፥ በከርሰ ምድር ውኃው አካሄድ ላይ ይቆፈራሉ፤ የላይኛው ያልተነካውን፥ የታችኛው የተነካውን ያሳያል። በወንዙም ላይ እንዲሁ ከላይና ከታች ናሙና ይወሰዳል። የጉድጓዱ ውኃ ጥልቀት፥ ፒ ኤች የሚባለው የአሲድ ልክ፥ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፥ የሰልፌቱና የብረቱ መጠን ይመዘገባል። ፒ ኤች 7 ሲሆን ውኃው መካከለኛ ነው፤ ወደ 6 የወረደ እንደ ሆነ ግን አንድ ቁጥር ብቻ ጎደለ ተብሎ አይናቅም፥ የአሲዱ ብርታት ዐሥር እጥፍ ሆኗልና። ሰልፌት ደግሞ ብዙ ጊዜ ውኃው ገና ጥሩ ሳለ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ እንደ መልእክተኛ ቀድሞ ይናገራል። የወንዙም ፍሰት ከናሙናው ጋር ይለካ፤ ሙላት መርዙን አቅጥኖ ሊሸሽገው ይችላልና። ጠርሙሱ ላይ ስፍራው፥ ቀኑ፥ ሰዓቱና የቀጂው ስም ይጻፋል፤ በቀዝቃዛ ሣጥን ሆኖም ሳይዘገይ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

ይህ ሁሉ የመሐንዲስ ሥራ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ከያቤሎ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ዱብሉክ አለ። በዚያ የቦረና ሰዎች ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች እየዘመሩ፥ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ተራውን የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ሹም አላቸው። ውኃን መከታተል ለዚህ አገር እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ የሚጎድለው በጽሑፍ መያዙ ነው።

በማዕድን አጠገብ የሚኖር ቤተ ሰብም ይህን ሊያደርግ ይችላል። በየክንዱ የተቋጠረ ገመድ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮ፥ ማለዳ ሰው ሳይቀዳ፥ ሁልጊዜ ከአንድ ስፍራ ወደ ጉድጓዱ ይውረድ። የረጠበው ስፍራ ውኃው የት እንደ ደረሰ ይናገራል። ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ቁጥሩን በደብተር ይጻፍ። እናቲቱም ነጭ ልብስ ሲታጠብ የዝገት ቀለም ቢይዝ፥ የውኃው ጣዕም ቢለወጥ፥ ከቀኑ ጋር ታስመዝግብ። እንዲህ ያለው ደብተር ላቦራቶሪን አይተካም፤ ላቦራቶሪው የት መመልከት እንዳለበት ግን ይመራል።

ሕጉ አለ። የኢትዮጵያ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማው ከሥራው እንዲቀድም፥ አፈጻጸሙም ክትትል እንዲደረግበት ያዝዛል። በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2019 የአካባቢ ጉዳይ ዳኞች በላሙ ሊሠራ ለታሰበው የከሰል ኃይል ማመንጫ የተሰጠውን ፈቃድ ሰርዘዋል፤ አንዱም ምክንያት ሕዝቡ በሚገባ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነበር። ሆኖም ሕግ ራሱ ውኃ አይቀዳም። ፈቃዱ ላይ ፊርማውን የሚያኖረው ሹም ከሁሉ አስቀድሞ፥ “የውኃው የአንድ ዓመት መዝገብ የት አለ?” ብሎ ይጠይቅ። መዝገቡም በመሥሪያ ቤት ሣጥን ተቆልፎ አይቅር፤ ውኃውን የሚጠጣው ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ ይነበብለት።

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ከሰል ለሚሊዮን ዓመታት በምድር ውስጥ ቆይቷልና አንድ ዓመት ቢጨመርበት አይከፋም። ጀሪካኗን ይዛ የተነሣችው እናት ግን አንድ ቀን እንኳ ያለ ውኃ አታድርም።