ከአንኮበር እስከ መቅደላ፦ ጦርነትና የልጅነት ጠባይ



ጦርነት በልጅ ጠባይ ላይ የሚያሳርፈውን አሻራ ለመመርመር ከደብረ ብርሃን ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። እዚሁ አቅራቢያችን አንጎለላ ላይ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ምኒልክ፣ በ1848 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ሸዋ ሲገባ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ታመው ዐረፉ፤ ልጁን ይዘው የተዋጉት መኳንንትም በረከት ላይ ድል ሆኑ።

ለጥያቄያችን ዋናው ቀጥሎ ያለው ዐሥር ዓመት ነው። ምኒልክ በመቅደላ ምርኮኛ ቢሆኑም ያደጉት በቤተ መንግሥት ወግ ነው፤ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽንም አግብተዋል። አገራቸውን የያዘባቸው ሰው አሳዳጊያቸውም አማታቸውም ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ስሜቱን መሰወርንና ጊዜ መጠበቅን ይማራል ብዬ አምናለሁ፤ በ1857 ዓ.ም. ሚስታቸውን ትተው ከአምባው ማምለጣቸውም ይህን ይመስላል።

በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ቆስለው የተማረኩትን የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በክብር ማሳከማቸውን ከዚሁ ልጅነት ጋር ማያያዝ ያጓጓል። ይሁንና በ1887 ዓ.ም. የወላይታ ዘመቻ ብዙ ሕዝብ አልቋል። የተማረከ ልጅ ሲያድግ ለተማረከ ሁሉ ይራራል ማለት አንችልም።

በዚያው አምባ ያደጉት ልዑል ዓለማየሁ ግን ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። ለምኒልክ አብረዋቸው የተማረኩ የሸዋ ሰዎችና የሚመለሱበት አንኮበር ነበራቸው። ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም. በሰባት ዓመታቸው ወደ እንግሊዝ ሲወሰዱ እናታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ዐረፉ፤ እርሳቸውም በ18 ዓመታቸው በባዕድ ምድር ሞቱ።