ከጅብ የተረፈ ውሻ እና ጉሎ

ሐረር ላይ የውሻ ጠላት ማን ነው ቢባል ልጅ አዋቂው «ጅብ» ይላል። እውነት ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት የጀጎል ግንብ ሥር የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል። ሲመሽ ጅብ በዚያ ሾልኮ የመንገዱን ጥራጊ ይለቅማል፣ ውሻ ካገኘም አይምርም። ስለዚህ ውሻ ያለው ሰው ከመግሪብ በኋላ የግቢውን በር ይዘጋል። ቤት ግን አያስገባውም፤ በከተማው የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ የውሻን ምራቅ ነጃሳ ስለሚለው፣ የላሰው ዕቃ 7 ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል። ውሻው እንግዲህ ሌሊቱን ከአትክልቱ ጋር ያድራል። ቡችላ ከሆነ ሲሰለቸው ያገኘውን ያኝካል።

ከሚያገኘው ሁሉ ክፉው ጉሎ ነው። ጉሎን የማያውቅ የለም፤ ምጣድ የሚያስሱበት ፍሬ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ደም ጠጥቶ የተነፋ መዥገር ይመስላል፤ በላቲን የተሰጠው ስሙ «ሪሲነስ»ም መዥገር ማለት ነው። መርዙ ሪሲን ይባላል። ቡልጋሪያዊው ደራሲ ጆርጂ ማርኮቭ በ1978 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የተገደለው በዚሁ ነው ተብሎ ይታመናል። ውሻ ፍሬውን ሳያኝክ ቢውጠው፣ ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ እንዳለ ሊወጣለት ይችላል። ካኘከው ግን ጥቂት ፍሬም ሊገድለው ይችላል። ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በሰዓታት ውስጥ ሊጀምረው፣ አንዳንዴም እስከ 2 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ዘይቱ ሲጨመቅ ሪሲኑ የሚቀረው ፋጉሎው ውስጥ ስለሆነ፣ ፋጉሎውን ለአበባ ማዳበሪያ የሚበትን ሰው ውሻውን ይሰር።

ቀጥሎ ቅንጭብ አለ፣ የአጥር ተክል። ነጭ ወተቱ አፍ ይልጣል፣ ዓይን ያቃጥላል፤ ቶሎ በብዙ ውኃ ማጠብ ነው። እሬት ያስቀምጣል። የወፍ ቆሎም፣ በተለይ ያልበሰለው፣ ለውሻ አይሆንም።

የሐረር ነገር ሆኖ ቡናና ጫት ሳይነሱ አይታለፍም። ለፀሐይ የተሰጣ ቡና ካፌይኑ እንዳለ ነው፤ ውሻ ደግሞ ካፌይንን እንደ ሰው አይችለውም፤ ልቡ ይመታል፣ ይንቀጠቀጣል። ከጫቱ የተረፈውን ገረባ ፍየል ትበላዋለች ብሎ ለውሻም ምን ይለዋል የሚል አለ። ውሻ ፍየል አይደለም፤ ትኩስ የጫት ቅጠል እንቅልፍ አሳጥቶ ያቅበዘብዘዋል፣ ሲበዛም ለሕይወቱ ያሰጋል።

ጽጌረዳ፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ግን ውሻን አይመርዙም። ጽጌረዳ ቢጎዳው በእሾኋ ነው።

ውሻው ጉሎ አኝኮ ከሆነ ወተት አታጠጡት፤ ወተት የሪሲን ማርከሻ አይደለም። ለሪሲን ማርከሻ መድኃኒትም የለም፤ የእንስሳት ሐኪም የሚያደርገው መርዙ ሳይሰራጭ ሆዱን ማጽዳትና የወጣውን ፈሳሽ በጉሉኮስ መተካት ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪታይ አትጠብቁ፤ የተረፈውን ፍሬ ይዛችሁ ሂዱ። ግቢያችሁ ውስጥ ጉሎ ካለ ደግሞ እሾሃሙ ፍሬ አረንጓዴ ሳለ ቁረጡት፤ ሲደርቅ በራሱ ፈንድቶ ዘሩን ግቢው ላይ ይበትነዋል።