ጓሮ የሚወራው ፍቼ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ከግቢያችን ውጭ ብዙ አናወራውም።

በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጫምባላላ ሰሞን፣ ሐዋሳ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ የቄጣላን ጭፈራ ያየ ሁሉ በዓሉን ያየ ይመስለዋል። ዩኔስኮ በኅዳር 2008 ዓ.ም. የመዘገበውን በዓል አፈ ታሪክም ማንም ይነግራችኋል፦ ፍቼ የተባለች ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንዴ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ትጠይቅ ነበር፤ ጎረቤትም አብሮ ይበላ ነበር። በዓሉ በስሟ ተጠራ።

እኔ የምነግራችሁ እኛ የሐዋሳዋ የቱላ ልጆች ይህን መቼና የት እንደሰማነው ነው።

በበዓሉ ማታ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፤ ማን ቁጭ ብሎ ያወራል? የሰማነው ከወራት በፊት፣ ጓሮ፣ እንሰት ሲፋቅ ነው። ሴቶቹ ከግንዱ የገነጠሉትን በዘመመ ሳንቃ ላይ አስደግፈው፣ በአንድ ተረከዛቸው ወጥረው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ቁልቁል ይፍቁታል። በእኛ ቤት ወንድ ወደዚያ አይቀርብም። አያቴ የልቧን የምታወራውም እዚያ ነበር።

ሳሎን ውስጥ ፍቼ ወላጅ አክባሪ ልጅ ናት። ጓሮ ግን ጥያቄው ይበዛል፦ ቅቤውን ከየት አጠራቀመች? ባሏን ምን ብላ አስፈቀደች? አያቴ አትመልስም። ከሚፍቁት አንዷ ቀና ትልና የራሷን ትዳር ታወራለች።

የሲዳማ አፈ ታሪክ ንግሥት ፉራም እንዲሁ ናት። አጎቶቼ ሲያወሯት ወንዶችን ያስጨነቀች፣ በመጨረሻም ተታልላ ቀጭኔ ላይ ወጥታ የተበጣጠሰች ገዢ ናት። በአያቴ አፍ ግን ሴቶችን የመከረች እናት ናት፤ የአካሏ ስም ወጥቶላቸዋል የሚባሉትን ቦታዎች ስትቆጥርልን ድምጿ ይሰበር ነበር።

የተፋቀው እንሰት ጉድጓድ ገብቶ ወራት ይብላላል። ወጥቶ፣ ተጨምቆ፣ በቅቤና በወተት ቡርሳሜ ይሆናል። በበዓሉ የምትቀምሱት ያን ሁሉ ወሬ የሰማ ምግብ ነው።

አሁን ብዙዎቻችን ከቱላ ወጥተናል። ወንድሜ ልጆቹን ይዞ ከአዲስ አበባ በዋዜማው ይደርሳል። ልጆቹ በለምለም ቅጠል በተሠራው በር፣ በሁሉቃ ሥር ያልፋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይመለሳሉ። የፍቼን ታሪክ ከቴሌቪዥን ያውቁታል፤ ስለ ቅቤው ግን ጠይቀው አያውቁም። ይህ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

«ትልቋን ልጅህን እንሰት በሚፋቅበት ሰሞን ላክልኝ» አልኩት። መጣች። እጇ ቶሎ ዛለ፤ ግን አልተነሳችም። አያቴ ዛሬ የለችም፤ የፍቼን ታሪክ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ጥቂት እንደሄድኩ ልጅቷ መፋቂያውን አቁማ «አክስቴ፣ ቅቤውን ግን ከየት አገኘችው?» አለችኝ።

አልመለስኩላትም። ከጎኔ የምትፍቀው ጎረቤታችን ቀና አለችና የራሷን ጀመረች።