ሌሊት የማያርፍ እግር

ከወግዲ ቆላ ወጥታ በመካነ ሰላም በእናቶች ማቆያ የመውለጃ ቀኗን ትጠብቅ የነበረች አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር፣ ጓደኞቿ ሁሉ ከተኙ በኋላ፣ ጋቢዋን ተከናንባ በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስትመላለስ አገኘኋት። ምጥ መስሎኝ ደንግጬ ሆዷን ብዳስስ ማሕፀኗ የላላና የረጋ ነበረ። «ምን ሆንሽ፣ እታለም?» ብላት አፍራ መሬት መሬት እያየች፣ «ሲስተር፣ ሕመም እንኳ አይደለም፤ ጋደም ስል ባቴን ጉንዳን እንደሚሄድበት ይወረኛል፤ ተነሥቼ ካልረገጥሁ አይለቀኝም» አለችኝ።

ይህ ሕማም ኅቡእ ሆኖ ኖረ እንጂ እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ17ኛው ምእት ዓመት ጽፎለታል፤ ስዊድናዊው ካርል አክሰል ኤክቦምም እ.ኤ.አ. በ1945 «ዕረፍት የለሽ እግር» የሚል ስም አውጥቶለታል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች ሲደመሩ ከ5 ነፍሰ ጡሮች 1ዷን ያህል፣ ይልቁንም በመጨረሻዎቹ 3 ወራት፣ እንደሚያገኛት ያሳያሉ። እኛ አዋላጆች ግን ግፊቷን ለክተን፣ ስለ ደም መፍሰስና ስለ ጽንሱ እንቅስቃሴ ጠይቀን ስናሰናብታት፣ ሌሊቱን እንዴት እንደምታሳልፈው አንጠይቃትም። እርሷም ልክፍት እንዳይሏት ፈርታ፣ ወይም የእርግዝና ግብር ነው ብላ ታግሣ ዝም ትላለች፤ የዝምታዋን ዕዳ ግን እኔ በእኛ ላይ እቈጥረዋለሁ።

ይህ ሕማም ከጅማት መሸምቀቅ ጋር መምታታት የለበትም። የተሸመቀቀ ባት ሲዳሰስ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ያማልም፤ ይህኛው ግን ባቱ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ከሠርክ ጀምሮ እያየለ፣ ሲያርፉ የሚነሣ፣ ሲራመዱ የሚበርድ ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም (በዘር የሚወርድበት ቤትም አለና) አብዝቶ የሚጠረጠረው የብረት ማነስ ነው። አንጎል የአካልን እንቅስቃሴ የሚገዛውን ዶፓሚን ለመሥራት ብረት ይሻል፤ ጽንሱም ድርሻውን ከእናቱ ይወስዳል። ጎተራው ተራቁቶ ሳለ ሌማቱ ገና እንጀራ እንደሚይዝ ሁሉ፣ የደሟ መጠን ደኅና የሆነ ሴትም የብረት ስንቋ አልቆ ሊሆን ይችላል። የ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደ መዘገበው፣ በእርግዝናቸው የብረት እንክብል 90 ቀንና ከዚያ በላይ የዋጡት እናቶች ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ከዋጡትም ብዙዎቹ፣ የአገራችን ወግ ነውና፣ እንክብሉን ከምሳ በኋላ ወስደው ወዲያው ከአቦል እስከ በረካ ቡና ይጠጡበታል፤ ቡናው ግን ብረቱን አንጀት እንዳይቀበለው ያግዳል። ስለዚህ ቡናውን ተዪ አልልም፤ እንክብሉን በሎሚ ውኃ ዋጪና ቡናውን ሁለት ሰዓት አቆዪው እላለሁ። ለማስመለስ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራሚድም ይህን ሕማም ሊያብስ ስለሚችል፣ እግሯ የማያርፍላት ሴት ይህን ለሐኪሟ መናገር ይገባታል።

ያቺን ሴት በዚያች ሌሊት በአንድ እንክብል ላድናት አልችልም ነበረ። እግሯን ለብ ባለ ውኃ አጥቤ ባቷን እያሸሁላት፣ ስሙን ነገርኋት፤ ሌሎች ብዙ ሴቶች እንዳሉበት፣ አብዛኛውን ጊዜም ከወሊድ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚተው አስረዳኋት። «ስም አለው እንዴ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ክትትል የምትመጣውን ሁሉ፣ ክርስቲያኗንም እስላሟንም፣ «ሌሊት እግርሽ ያሳርፍሻል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሷንም በካርዷ ኅዳግ ላይ እጽፈዋለሁ።