የዓሣ ቤትና የፈሰሰ ውኃ
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ከመሥሪያ ቤት ድካም በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይሻል። አንዱ በደጁ አበባ ይኮተኩታል፤ ሌላው መጽሐፍ ይገልጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሳሎኑ ጥግ በመስተዋት ሣጥን ውኃ ሞልቶ ትንንሽ ዓሦች ያኖራል። ይህ ሣጥን አኳሪየም ይባላል። ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት በሎንዶን የአራዊት ማቆያ የተከፈተው በ1853 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነበር፤ በማግሥቱ ዓመትም ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ የተባለው የተፈጥሮ ሊቅ በጻፈው መጽሐፍ ስሙ በሕዝብ ዘንድ ተለመደ።

በዛሬው ንግግራችን ግን ስለ ዓሦቹ ማማር ብዙ አንናገርም። የምንናገረው ስለ ውኃው ነው። ውኃ በሣጥኑ ውስጥ ሳለ የቤት ጌጥ ነው፤ ከሣጥኑ በወጣ ጊዜ ግን ወለል ያበላሻል፤ ከታች የሚኖረውን ጎረቤት ኮርኒስ ያረጥባል፤ ከኤሌክትሪክ ጋር በተገናኘ ጊዜም ነፍስ እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

አስቀድሞ የውኃውን ክብደት ማወቅ ይገባል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን እስከ አፉ ቢሞላ 112 ሊትር ይይዛል። ይህም ጠጠሩና መስተዋቱ ሳይቈጠር ከአንድ ኩንታል ይበልጣል። አንድ ኩንታል ጤፍ በቀጭን ጠረጴዛ ላይ የሚጭን ሰው የለም፤ የዓሣ ቤቱን ግን ባገኘው ጠረጴዛ ላይ የሚያኖር አይጠፋም። ጠረጴዛው ያዘነበለ ወይም የጐበጠ እንደ ሆነ መስተዋቱ እኩል አይደገፍም፤ ማእዘኑን የያዘው ማጣበቂያም ቀስ በቀስ ይላቀቃል። ስለዚህ ሣጥኑ ጠንካራና ልክ በሆነ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ። አዲስ ሣጥን የገዛችሁ እንደ ሆነም ዓሣ ከማግባታችሁ በፊት ቢያፈስ ጉዳት በማያመጣበት ስፍራ ውኃ ሞልታችሁ ጥቂት ቀን ተመልከቱት።

ታላላቆቹም ቢሆኑ ከአደጋ አልዳኑም። ታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የቆመው እጅግ ረጅም የዓሣ ቤት በድንገት ፈንድቶ፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውኃ አዳራሹን አልፎ እስከ ጎዳናው ፈሰሰ። ሁለት ሰዎች ቈሰሉ፤ ከ1,500 የሚጠጉት ዓሦችም አብዛኞቹ አለቁ።

በቤታችን ግን ውኃ ብዙ ጊዜ የሚፈሰው ሣጥን ፈንድቶ ሳይሆን ሰው ዘንግቶ ነው። ይህን የምናገረው በራሴ ከደረሰው ነው። አንድ እሑድ ቀን የቆሸሸውን ውኃ በላስቲክ ቱቦ ወደ ባልዲ ሳወርድ እንግዳ መጣ። «ባልዲው እስኪሞላ እደርሳለሁ» ብዬ ወደ በር ወጣሁ፤ ሰላምታውም ረዘመ። ስመለስ ውኃው ከባልዲው ተርፎ በጣውላው ወለል ላይ ሄዶ፣ በቴሌቪዥኑ ሥር ከተጋደመው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። የስድስት ዓመት ልጄም አባቷን ለመርዳት ብላ በባዶ እግሯ፣ ጨርቅ ይዛ ወደ ውኃው ስትራመድ አገኘኋት። ጮኬ አቆምኋት፤ ሮጬም ከቆጣሪው ላይ አጠፋሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጣውላው መጥቆር በቀር ጉዳት አልደረሰም። በዚያች ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቱቦው ስለ ምን ራሱ አያቆምም? ከሣጥኑ ውጭ የወረደው የቱቦ ክፍል ከውስጠኛው ስለሚረዝም፣ በውስጡ ያለው ውኃ በክብደቱ የኋለኛውን ይስባል። ስለዚህ የቱቦው ራስ ከውኃው እስኪወጣ ድረስ መፍሰሱን አይተውም። መድኃኒቱም ከዚሁ ይገኛል፤ የቱቦውን ራስ መቀነስ ከምትፈልጉት ልክ በታች አታስጠልቁት። ውኃው እዚያ በደረሰ ጊዜ አየር ገብቶ በራሱ ያቆማል።

ሁለተኛው ምክንያት የመብራት መጥፋት ነው። አየር የሚነፋው ፓምፕ ከውኃው ወለል በታች ተቀምጦ እንደ ሆነ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ውኃው በቀጭኑ ቱቦ ወደ ፓምፑ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ፓምፑ ከውኃው በላይ ይቀመጥ፤ ወይም ውኃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ በቱቦው ላይ ይግባ። የኤሌክትሪኩም ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱን ሳያገኝ መሬት ላይ ይወድቃልና። ማከፋፈያን ግን በወለል ላይ ከቶ አታስቀምጡ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደርጎ ውኃ ቢፈስ ምን ይደረግ? ተራው እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ ኤሌክትሪኩ ይጥፋ። ሶኬቱ ወይም አጠገቡ ያለው ወለል ረጥቦ እንደ ሆነ ሶኬቱን አትንቀሉ፤ ውኃውንም አትርገጡ፤ በደረቅ እጅ ከቆጣሪው አጥፉ። በአገራችን ያለው የ220 ቮልት ኃይል በረጠበ እጅ የሚሞከር አይደለም።

ሁለተኛ፤ ሣጥኑ የሚያፈስ እንደ ሆነ የተረፈውን ውኃ በንጹሕ ባልዲ ቅዱ፤ ዓሦቹንም በዚያው ውኃ ውስጥ አኑራችሁ ክደኑአቸው። ከቧንቧ በተቀዳ ውኃ ውስጥ አትክተቱአቸው፤ በውኃው ያለው ክሎሪን ይጎዳቸዋልና።

ሦስተኛ፤ ምንጣፉን አንሡ፤ ወለሉን ወልውላችሁ መስኮት ክፈቱ። ፎቅ ላይ የምትኖሩ እንደ ሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወርዳችሁ ለጎረቤታችሁ ንገሩ። ኮርኒሱ ሲንጠባጠብ ከሚያይ፣ ከእናንተ አፍ ቢሰማ ይሻላል፤ ይቅርታውም ይቀላል።

አራተኛ፤ ሣጥኑን መልሳችሁ ስትሞሉ አትቸኩሉ። አዲሱ ውኃ በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ቢያድር ክሎሪኑ ይለቃል፤ ቅዝቃዜውም ከቤቱ ጋር ይስተካከላል። የመስተዋት ማሞቂያ ያለው ሰው ነቅሎ ሳያበርደው ቀዝቃዛ ውኃ አያፍስበት፤ ይሰነጠቃል። የማጣሪያው ስፖንጅም አይድረቅ። የዓሣውን ቆሻሻ መርዝነት የሚያስወግዱት ረቂቃን ተሐዋስያን የሚኖሩት በእርሱ ነውና፣ እነርሱ ከሞቱ ዓሦቹ ይከተላሉ። ደግሞም ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በውኃ የሚሟሟው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በባልዲ ያሉ ዓሦች ብዙ ሳይቆዩ አየር ይነፋላቸው።

አባቶቻችን «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» ያሉት እውነት ነው። ነገር ግን የፈሰሰው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማሰብ ይቻላል። እኔ ከዚያች እሑድ ወዲህ ቱቦውን ይዤ ከስፍራዬ አልነቃነቅም፤ እንግዳ ቢመጣም ይጠብቀኛል። ልጄንም «ውኃ ፈስሶ ብታዪ አትጥረጊ፤ ባለሽበት ቁመሽ ጥሪኝ» ብዬ አስተምሬአታለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ከዓሦቹ በፊት ከሣጥኑ ሥር ያለውን ገመድ ተመልከቱ፤ ልጆቻችሁንም ይህንኑ ንገሩአቸው።

በደኅና ሰንብቱ።